መኮሮኒያችን ለምን ይሰነጠቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ፋብሪካዎች ስትጽፉ የመብራት መቆራረጥ፣ የውጭ ምንዛሪና የጥሬ ዕቃ እጥረት ሁሌም ይነሳሉ። እውነት ነው፣ እኛም በየቀኑ የምንኖረው ነው። እኔ ግን በእጃችን እያለ ስለማንጠቀምበት ነገር፣ ብዙ ማስተካከያዎችን ባንድ ላይ እየቀያየሩ ጥፋተኛውን ስለሚለዩበት የሙከራ ዘዴ ልጻፍላችሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የፓስታና መኮሮኒ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ግንቦት መኮሮኒያችን ይሰነጠቅ ጀመር። ከማድረቂያው ሲወጣ ያምራል፣ ምንም የለውም። ከታሸገ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ግን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያ ጭነት ሲነካው ይፈረካከሳል። ከፊራ ገበያ ያለ ደንበኛችን አንድ ካርቶን ተሸክሞ በራችን ድረስ መጣ። «አቦ፣ ይሄን ለማን ልሽጥ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስንጥቁ እንዴት እንደሚመጣ በጥቅሉ ይታወቃል። የፍሬው ውጭ ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ፣ ውስጥ የቀረው እርጥበት በኋላ ቀስ እያለ ሲወጣ ፍሬውን ይወጥረውና ይሰነጥቀዋል። ዘግይቶ የሚታየው ለዚህ ነው። የኛ ጥያቄ የትኛው ማስተካከያ ነው ጥፋተኛው የሚል ነበር። የማድረቂያው ሙቀት? የማድረቂያው እርጥበት? ውስጡ የሚቆይበት ሰዓት? የሊጡ ውሃ? የሚታሸበት ጊዜ? ዱቄቱ? ከመታሸጉ በፊት የሚቀዘቅዝበት ጊዜ? ሰባት ተጠርጣሪ፣ ለእያንዳንዱም ከሳሽ አለው። ማድረቂያው ላይ ያረጁት ጋሼ «ዱቄቱ ነው» ይላሉ። ዱቄቱን የሚገዛው ክፍል «ማድረቂያው ነው» ይላል።

እንደ ልማዳችን አንድ በአንድ መነካካት ጀመርን። ሙቀቱን ቀነስን፣ ስብራቱም ቀነሰ። ደስ አለን። በሳምንቱ ግን ተመልሶ መጣ። ለካ ስብራቱ በቀነሰበት ሳምንት ዝናብ ጥሎ የድሬ አየር ረጥቦ ኖሯል። እኛ ሙቀቱን አመሰገንን እንጂ የሠራው ዝናቡ ነበር።

ለተግባር ልምምድ የመጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይሄን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ከረመች። አንድ ቀን «እትዬ፣ ሰባቱንም ባንድ ላይ ብንቀያይራቸውስ?» አለችኝ። ተቆጣሁ። አንዱን መያዝ ያቃተን ሰዎች ሰባቱን እንዴት? እሷ ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሞላበት ሠንጠረዥ ከደብተሯ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ማስተካከያ እያንዳንዱ ከፍና ዝቅ ካለው፣ ሁሉንም ጥምረት ልሞክር ብትሉ 128 ዙር ይወጣል። ማንም ፋብሪካ አይችለውም። ሠንጠረዡ ግን 8 ዙር ብቻ ይመርጣል። እያንዳንዱ ነገር በ4ቱ ዙር ከፍ፣ በ4ቱ ዝቅ ይላል። አንዱ ከፍ ባለባቸው 4 ዙሮች ውስጥ ሌላው ሁለቴ ከፍ፣ ሁለቴ ዝቅ ስለሚል ተጽዕኖው ይጣፋል። አንድ በአንድ ብትነካኩ ስለ አንዱ የምትፈርዱት በሁለት ዙር ልዩነት ነው። እዚህ ግን ስለ እያንዳንዱ 8ቱም ዙር ይመሰክራል። ይሄ ሲገባኝ ስንት ዓመት እንደባከነ አስቤ አዘንኩ።

የዙሮቹን ተራ በዕጣ አወጣን። ዕጣው ለወግ አይደለም። የድሬን ከሰዓት በኋላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከፍ ያለው ሁሉ ከሰዓት ላይ ቢውል የአየሩን ሥራ ለማሽኑ እንሰጠው ነበር። ከየዙሩ 500 ፍሬ ወስደን ሦስት ቀን አስቀመጥንና በእጃችን ቆጠርን።

የማድረቂያው እርጥበት ዝቅ ባለባቸው ዙሮች በአማካይ 51 ፍሬ ተሰነጠቀ፤ ከፍ ባለባቸው 17። ሙቀቱም ለየት ብሎ ታየ፣ የሊጡ ውሃም እንዲሁ። ጋሼ የከሰሱት ዱቄት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ጋሼ ቁጥሩን ራሳቸው ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ከኔ በላይ የሙከራው ጠበቃ ሆኑ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በ8 ዙር ብቻ ስትሠሩ የሁለት ነገሮች የጥምር ሥራ የሦስተኛውን መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኛም ከፍታውን ወደ ዝቅታ፣ ዝቅታውን ወደ ከፍታ ገልብጠን ሌላ 8 ዙር ሠራን። የውሃው ነገር ጠፋ። ውሃ መስሎ የታየን ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ላይ የሚሠሩት እንደሆነ ገመትን፤ ለብቻ ስንፈትሸውም እሱው ሆነ። እንዲህ ያለው የማጣሪያ ሙከራ ተጠርጣሪ ይለያል፣ ፍርድ አይሰጥም።

አዲስ ማሽን አልገዛንም። በማድረቂያው የመጀመሪያ ክፍል እርጥበቱን ከፍ አድርገን ያዝን። ስብራቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን የከፊራው ሰውዬ ካርቶን ይዞ መምጣቱን ትቷል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ማሳ ላይ ጀመረው። ፕላኬትና በርማን የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም በ1946 11 ነገሮችን በ12 ዙር የሚያጣራ ሠንጠረዥ አወጡ። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ኢና የሚባለው የንጣፍ ሸክላ ፋብሪካ ምድጃው እኩል ስለማያሞቅ ሸክላው መጠኑ ይለያይበት ነበር። ምድጃውን አፍርሶ ከመሥራት ይልቅ እንዲህ ባለ ሙከራ ጭቃው ውስጥ ያለውን ኖራ ከ1 ወደ 5 በመቶ ማሳደግ እንደሚበጅ አገኘ።

ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሲመጣ አምስቱን ማዎች (የሥራ ቦታን የማደራጃና የማጽጃ ደንቦቹን) ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ተምረናል፣ ጠቅሞናልም። ይሄም እንደዚያው ወደ ፈረቃው ይውረድ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለኦፕሬተሮች ያስተምሩት። የሚጠይቀው መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጆችም ሆን ብሎ መጥፎ ዙር መሥራትን እንደ ማበላሸት አይዩት፤ እኔን ለማስፈቀድ የፈጀብኝ ከሙከራው ራሱ ይረዝማል። ለልምምድ ፋብሪካም አያስፈልግም። አንድ ዳቦ ቤት፣ ሦስት ነገር (እርሾ፣ የመቡኪያ ሰዓት፣ የምድጃ ሙቀት) ይበቃል። ሦስቱን በ4 ዙር መጀመር ይቻላል፤ አንድ ጠዋት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ