ማሽናችን ለምን ብርጭቆ ወረቀት እንደያዘ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ወደ ሥራ ቤታችን ብቅ ያለ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀናል። አንደኛው «ይሄ ሲኤንሲ ማሽን ቅርጽ ለማውጣት አልነበር እንዴ? አሁን ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ምን እየሠራ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ማሽን ካለሰለሰው ዋጋው ለምን እኩል አይቀንስም?» ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። የማሽኑ ጩኸት ባለበት ቆመን ግማሹን ተናግረን ግማሹን ከምንተው፣ ረጋ ብለን በጽሑፍ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

ሲኤንሲ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ነው። ሐሳቡ የመጣው ከብረት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ውስጥ ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው ማሽን ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። የኛ ዛሬ ፋይል ያነባል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች፣ በተባለው ቦታ በተባለው ፍጥነት ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያለው የሚቀርጽ ቢት ይሁን እስክሪብቶ፣ ለሱ ለውጥ የለውም። ምን እንደምናስይዘው የምንወስነው እኛ ነን።

ብርጭቆ ወረቀት ያስያዝነው የእንጨት ሥራ አድካሚው ክፍል ማለስለስ ስለሆነ ነው። አንድ ሰፊ የዋንዛ ገበታ በ80 ቁጥር ይጀመራል፣ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 180፣ በመጨረሻም ወደ 240 ይሄዳል። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይደቅቃል። ቁጥር መዝለል ደግሞ አይቻልም፤ 80ው የተወውን ጭረት 240 አያጠፋውም። ሰው ይህን ሁሉ በእጁ ሲሠራ ክንዱ ይዝላል። ሲዝል ደግሞ አንዱ ጋ ይጫናል፣ ሌላው ጋ ይለቃል። ጉጥ ሲያገኝ እዚያው ቆሞ ይፈትጋል፤ ጉጡ ጠንካራ ስለሆነ አይነካም፣ ዙሪያው ግን ይጎደጉዳል። እንጨቱ ነጭ እያለ ምንም አይታይም። ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ሳሎን ገብቶ፣ የመስኮት ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ግን እንደ ማዕበል ወጣ ገባ ሆኖ ቁጭ ይላል። ማሽኑ አይዝልም። መጀመሪያ የጀመረበትን ግፊት እስከ መጨረሻው ይይዛል።

ነገሩ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ገጥሞ ማስነሳት ብቻ አይደለም። የማሽኑ ስፒንድል፣ ማለትም ቢቱን ይዞ የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ለመቅረጽ የተሠራ ነው፤ በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር ይሽከረከራል። በዚህ ፍጥነት ብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን ያቃጥለዋል፣ ጥቁር ቀለበት ይተዋል። ዲስኩም ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ከዞረ ተበጣጥሶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ፍጥነቱን በጣም ዝቅ እናድርገው ቢባል ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ስፒንድል ማራገቢያው ከራሱ ጋር ስለሚዞር ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ለማለስለስ ስንፈልግ ስፒንድሉን አውርደን በቦታው ተራውን የእጅ ሳንደር፣ ማለትም በመብራት የሚሠራውን የማለስለሻ መሣሪያ፣ እናስራለን። ማሰሪያው ስፕሪንግ አለው። የስፕሪንጉ ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ሥራውን የሚያድነው እሱ ነው። እንጨት የቱንም ያህል ቢላግ ፍጹም ሜዳ አይሆንም። ማሽን ደግሞ ግትር ነው፤ «በዚህ ከፍታ ሂድ» ካሉት ከፍ ያለውን ይቦረቡራል፣ ዝቅ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። ስፕሪንጉ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚሰጥ ሳንደሩ የእንጨቱን ፊት ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል።

የመጨረሻው 240 ቁጥር ግን እስካሁን በእጅ ነው፤ ወደፊትም በእጅ ይሆናል። ከ180 በኋላ ገበታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ እናደርገዋለን። የተኙት ቃጫዎች ይነሳሉ፤ እጅ ሲያርፍበት ይሻክራል። ሲደርቅ የእንጨቱን መስመር ተከትለን፣ በቀላሉ፣ በእጃችን እናሸዋለን። ይህን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ቫርኒሽ ሲነካው ያ ሻካራ ነገር ተመልሶ ይነሳበታል። ጣት የሚያውቀውን ማሽኑ አያውቅም፤ እዚህ ላይ አንደራደርም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የጠፍጣፋ ሥራ ማለስለሻ ላይ ቀንሰናል። የጠረጴዛ ገበታ፣ የቁም ሳጥን በር፣ መደርደሪያ ከዚህ ይመደባሉ። የተጠማዘዘ እግር፣ የወንበር መደገፊያ፣ ቅርጽ የወጣበት በር ግን እንደ ድሮው ነው፤ እዚያ ሳንደሩ አይገባም። ረከቦት ጥሩ ምሳሌ ነው። ላይኛውን ፊት ማሽኑ ይቀርጸዋል፣ ያስተካክለዋል። የቅርጹን ውስጥ ውስጡን ግን ሰው ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፎ በጣቱ ጫፍ ነው የሚያወጣው። ጊዜ የሚበላው እሱ ነው፤ የምትከፍሉትም በአብዛኛው ለዚያ ነው። በኮምፔንሳቶ ላይም ማሽኑን አንጠቀምም። የላይኛው ልባስ ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ ዙር ከበዛ የታችኛው ሽፋን ብቅ ይላል፣ መመለሻ የለውም።

«የጅማን በርጩማ በማሽን ብትሠሩት ይረክስ ነበር» የሚሉን አሉ። ቅርጹን የሚመስል ነገር ከጣውላ ቆርጦ መገጣጠም ይቻላል። የኛ አገር ባለሦስት እግር በርጩማ ግን ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ነው፤ ጥንካሬውም ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ያን ሥራ በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ከተማችን ውስጥ አሉ። ለሚጠይቀን ሰው ወደነሱ እንመራዋለን እንጂ በማሽን አንሞክረውም።

ማሽኑ ከማለስለስ ሌላ የሚያግዘን ነገር ብዙ ነው። እኛ ከሁሉም የምንወደው ሰፋፊ ግንድ መደልደሉን ነው። ከአንድ ግንድ የተሰነጠቀ ሰፊ ጣውላ የመላጊያ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ድሮ ሰንጥቀን በኮላ መልሰን እናጣብቀው ነበር። አሁን ሰፊ ቢት ገጥመን በየዙሩ ስስ እያደረግን እናነሳለን፤ የእንጨቱ መስመር ሳይቆረጥ ይቀራል። ለኪችን ካቢኔት ማጠፊያ 35 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳልናል፤ ሁሉም በር እኩል ይዘጋል። እስክሪብቶ አስይዘነው የሶፋ ጨርቅ መቁረጫ ንድፍ በካርቶን ላይ ይስላል። በቢላ ቀይረን ካርቶኑን ራሱን እንዲቆርጥም እናደርጋለን።

የመብራት ነገርም አለ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማሽናችን ያለበትን ቦታ ይረሳል። ሲመጣ ወደ መነሻው ጥግ ተመልሶ ራሱን ያገኛል፣ ከዚያ ካቋረጠበት መስመር እናስቀጥለዋለን። ቅርጽ ላይ የፀጉር ያህል መዛነፍ ያስታውቃል፤ ማለስለስ ላይ ግን ለውጥ የለውም። ስለዚህ መብራት ቦግ እልም በሚልበት ቀን ቅርጹን አቆይተን እናለሰልሳለን። «የኔን በር ትታችሁ የሌላ ሰው ጠረጴዛ ትሠራላችሁ?» ላላችሁን ምክንያቱ ይሄው ነው።

ስለ አቧራው ሳንናገር አናልፍም። የብርጭቆ ወረቀት አቧራ እንደ ተራ ሰጋቱራ አይወድቅም፤ አየር ላይ ይቆያል፣ ሳንባ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 ለካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ለዚህ ነው ሳንደሩ ላይ መምጠጫ ያሰርነው፣ ሠራተኞቻችን ያለ ማስክ አጠገቡ የማይቆሙት። ዋጋው ውስጥ የመምጠጫውና የማስኩም ወጪ አለበት፤ ይህን አንቀንስም።

የራሳችሁን እንጨት የምታመጡ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይሁን። የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ነው፤ ክረምት ላይ ውጭ የተከመረ ጣውላ ላዩ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ቤት ገብቶ ሲደርቅም ይጣመማል። ከአሮጌ በር የወጣ ከሆነ ምስማሩ ይነቀል፤ ያልታየ ምስማር ካለ ቢቱን ይሰብረዋል። አሮጌ ቀለም ያለበትን ግን በማሽን አናለሰልስም፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ደግሞ ለልጆች በጣም አደገኛ ነው። እሱን በማላቀቂያ አርሰን በእጅ እንፍቀዋለን፤ ሂሳቡም ለብቻ ነው። ማሽናችን የሚቀበለው እስከ 1.20 በ2.40 ሜትር ስለሆነ ጭነታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ልኩን ደውላችሁ ንገሩን።

ሲሠራ ማየት የሚፈልግም ይምጣ። በር ላይ ማስክ እንሰጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የእንጨት ሥራ ቤታችሁ፣ ጅማ