ጉዳዩ፦ በዋስትና የገዛኋት ኮሮላ ሞተር ከሽያጩ በፊት የነበረበት ብልሽት እንዲጠገንልኝ ስለመጠየቅ

ጥር 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ ግቢ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2002 ሥሪት፣ 1.8 ሊትር ቤንዚን ቶዮታ ኮሮላ ገዝቻለሁ። ውሉ ውልና ማስረጃ ተፈርሟል፣ ስመ ንብረቱ ዞሯል፣ ክፍያውም አልቋል። በድርጅታችሁ ማኅተም የተሰጠኝ የ3 ወር የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናም እጄ ላይ አለ። ጊዜው ገና አላለቀም። ሞተሩ ግን ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ቢሯችሁ መጥቻለሁ፣ ደውያለሁ፣ ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም ልኬያለሁ። ያገኘሁት መልስ «ያገለገለ መኪና አይደል እንዴ?» የሚል ነው። ስለዚህ በጽሑፍ መጣሁ።

ያገለገለ መኪና መሆኑን አውቃለሁ። ከ20 ዓመት በላይ የሠራ ሞተር እንደ አዲስ ይሁንልኝ አላልኩም። ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል፣ የኋላ በሩ ላስቲክ ደርቋል፣ ስለዚያ ትንፍሽ አላልኩም። በዋጋው ውስጥ ያለ ነገር ነው። የሞተሩ ብልሽት ግን መኪናዋ ግቢያችሁ ቆማ እያለች የነበረ ነው። እንዳይታይም ተሸፍኗል። የተሸፈነው ደግሞ በናስትሮ ነው።

ነገሩ የወጣው የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ በትራፊክ ስትጎተት ያልታየው ነገር፣ ረዘም ላለ ጊዜ በ100 ስትነዳ ታየ። የክፍያ ጣቢያው ጋ ቆሜ እንደገና ስነሳ ከኋላዬ የነበረው ሾፌር ጡሩምባውን ነፍቶ ወደ ማርሚታዬ ጠቆመኝ። ሰማያዊ ጭስ። አዳማ ደርሼ የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። ስረከባት እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ነበር፤ ሠራተኛችሁ ራሱ አውጥቶ አሳይቶኛል። ከሥሯ የፈሰሰ ጠብታ የለም። እንግዲህ የት ሄደ? ተቃጥሏል።

ያኔውኑ ደወልኩላችሁ። «ዘይት ጨምርባት» ተባልኩ። ጨመርኩ። አሁን አንድ ሊትር ዘይት 700 ኪሎሜትር አያዘልቃትም። ይህ ሞተር በጠቅላላ የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው። መለኪያውን ሳያይ የሚነዳ ሰው ቢገዛት ኖሮ ሦስት ሺህ ኪሎሜትር ሳይሞላት ሞተሩ ደርቆ ተጣብቆ ይቆም ነበር። «ዘይት መብላት ብልሽት አይደለም» ያለኝ ሠራተኛችሁ ይህን ሒሳብ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ጋራዥ ወሰድኳት። ሜካኒኩ ኮፈን እንኳ ሳይከፍት ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞረና ዳሽቦርዱን ተመለከተ። የባትሪው መብራት በራ፣ የዘይቱ በራ፣ የእጅ ፍሬኑ በራ። የሞተር ብልሽት የሚያመለክተው ቼክ ኢንጅን ግን አልበራም። ይሄ መብራት ሞተሩ ጤነኛ ቢሆንም ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ነክቶታል። ዳሽቦርዱን ፈታው። ከምልክቱ ጀርባ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል። በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ እንኳ ሳይወጣ። የሠራው ሰው እጁ አይታማም። ናስትሮው ሲነሳ መብራቱ ቦግ አለ፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም አልጠፋም። ይህ ሁሉ በቪዲዮ ተቀርጿል።

በኮምፒውተር ስትታይ ፒ0303 የሚል ኮድ ወጣ። ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሲወጣ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። አዲስ ካንዴላ ገባ፣ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ኮይልም ከሁለተኛው ሲሊንደር ጋር ተለዋወጠ። ኮዱ ከሦስተኛው አልተነቃነቀም። ስለዚህ የኮይል ጉዳይ አይደለም።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ተለካ። በቅደም ተከተል 140፣ 145፣ 95 እና 140 ፒኤስአይ። ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ሲለካ 95 የነበረው 130 ደረሰ። ለእናንተ ሜካኒኮች ይህ ማብራሪያ አያስፈልግም። ደብዳቤው ሌላ ቦታ ሊነበብ ስለሚችል ግን ልጻፈው። ዘይት ሲጨመር ኮምፕሬሽኑ ከተሻሻለ የሚያፈሰው በፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ቀለበት በኩል ነው። ችግሩ የቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም ነበር።

የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥሪት በዘይት መብላት ይታወቃል። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ካርቦን ሲሞላቸው የዘይት ፋሻው ይጣበቃል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ መጥረግ ያቅተዋል፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በኋላ በተሠሩት ላይ ፒስተኑ ተሻሽሏል። ኮሮላ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? እንዲህ ያለ ድፍነት ደግሞ በሳምንታት አይመጣም፤ ዓመታት ይፈጃል። እኔ ጋ የቆየችው ሦስት ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜካኒኩ የመጀመሪያውን ዘይት ሲያፈስሰው እንደ ማር እየተጎተተ ነው የወረደው። ማወፈሪያ ተጨምሮበታል ባይ ነው። ወፍራም ዘይት ለጥቂት ጊዜ ጭስ ይቀንሳል፣ የሞተሩንም ድምፅ ያለዝባል። እየሳሳ ሲሄድ ጭሱ ይመለሳል። ላያት በመጣሁ ጊዜም ሞተሯ ሞቆ ነው ያገኘሁት። «አሁን ደንበኛ አይቷት ሄደ» ተባልኩ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ እንዳላይ መሆኑ ነው እንግዲህ። ዘይቱን ማን እንዳወፈረው፣ ናስትሮውን ማን እንደለጠፈው በስም አልጠራም። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ያ ግን በእናንተና በእሱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ለእኔ የሸጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ «ሞተሯ እንከን የላትም» ብሎ ማኅተም የመታውም ድርጅታችሁ ነው።

የጋራዣችሁ ኃላፊ በስልክ «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ኮምፕሬሽን እዚህ ዝቅ ይላል» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ያህል ያንሳል። ግን ከፍታ ሲሊንደር አይመርጥም። ዝቅ ካደረገ አራቱንም ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻውን እንጦጦ አልወጣም።

ቦሎ ማለፏም ተነግሮኛል። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬን፣ መብራትና መሪ ያያል እንጂ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን አይለካም። «ሌላ ጋራዥ ስላስነካሃት ዋስትናው ወድቋል» ለሚለው ደግሞ የራሳችሁን ወረቀት አንብቡልኝ። የሚለው «ሞተሩ ወርዶ ከተፈታ» ነው። ካንዴላ አውጥቶ መለካት ሞተር ማውረድ አይደለም። ሞተሩ ዛሬም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

«ካልተመቸህ መልሰህ ሽጣት፣ በዚህ ገበያ ወዲያው ትሄዳለች» የተባልኩትን ግን ማለፍ አልቻልኩም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኮሮላ ፈላጊው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ፣ ናስትሮውን መልሼ ልለጥፈውና ለሌላ ምስኪን ላስተላልፋት? ይህን አላደርግም። ለደንበኛ የሚሰጥ ምክርም አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ጉድለትን በተንኮል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚል የውል ቃል ቢያስገባም አይጠቅመውም። ገዢ በበኩሉ ጉድለቱን ሲያውቅ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። እኔ በስልክና በቴሌግራም አሳውቄያለሁ፤ ይህም ደብዳቤ በጽሑፍ የተሰጠ ማሳወቂያ ተደርጎ ይያዝልኝ።

የምጠይቀው ሞተሩ ሁለታችንም በተስማማንበት ጋራዥ በእናንተ ወጪ እንዲከፈት ነው። የአራቱም ፒስተን ፋሻና የቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳይገባ የሚያግደው ላስቲክ) ይቀየር። ለአንዱ ሲሊንደር ብቻ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አልቀበልም፤ ሌሎቹም የዚያው ፒስተን ወንድሞች ናቸው። ፒስተኖቹ የድሮዎቹ ከሆኑ በተሻሻለው ዓይነት ይተኩ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከተጫረ ሬክቲፊካ ይግባ፣ ማለትም በማሽን ይስተካከል። ዕቃው ኦርጂናል ይሁን፣ ደረሰኙ ይሰጠኝ። ዘይት ሲቃጠል የቆየ ሞተር ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክም ስለሚያበላሽ እሱም ይታይ። ሥራው ሲያልቅ እኔ ባለሁበት ኮምፕሬሽን ይለካና ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። የዋስትናው 3 ወር ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠር።

«ወፍራም ዘይት እንሙላልህ» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ አልቀበልም። በዚህ ጉዳይ ደግማችሁ ባትደውሉልኝ ይሻላል።

ጥገናው አያዋጣንም ካላችሁ መኪናዋን ውሰዱ፣ በውሉ ላይ የተጻፈውን ዋጋና ለስመ ንብረት ዝውውር የከፈልኩትን መልሱልኝ። የትኛውን እንደመረጣችሁ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁኝ። ካልሆነ ዶክመንቶቹን ይዤ ንግድ ቢሮ አመለክታለሁ፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን ወደኋላ አልልም። እዚያ ባንደርስ ግን ለሁለታችንም ይቀላል።

የውሉን፣ የዋስትናውን ወረቀትና የኮምፕሬሽን ውጤቱን ኮፒ አያይዣለሁ። የዳሽቦርዱ ቪዲዮ በፍላሽ አለ። ናስትሮውን ራሱን አስቀምጬዋለሁ፤ ማየት ከፈለጋችሁ አሳያችኋለሁ፣ አልሰጣችሁም። መኪናዋን መንዳት አቁሜያለሁ። ባለሙያ መላክ ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከመጣችሁ በኋላ ሞተሩን ከቀዝቃዛ እናስነሳዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ገዢ