እርድና ቁንዶ በርበሬ፦ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች

ክቡር አዘጋጅ፣

ለመገጣጠሚያ ሕመም እርድን ከቁንዶ በርበሬ ጋር በማር ለውሰው የሚወስዱ ሰዎች ቁንዶ በርበሬውን እንደ ማጣፈጫ ያዩታል። ጥቅሙም አደጋውም በብዛት የሚመጣው ከእሱ ነው።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ነው። ሴል የመቆጣት መልእክት ሲደርሰው አይኬኬ የተባለ ኢንዛይም ይነቃል። ኢንዛይሙ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን ፕሮቲን አስሮ በያዘው ሌላ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ማሰሪያውም ይፈርሳል። ያን ጊዜ ኤንኤፍ ካፓ ቢ ተፈትቶ የሴሉ ማዕከል በሆነው ኒውክለስ ውስጥ ይገባና እብጠትና ሕመም የሚያባብሱ ፕሮቲኖችን ያስመርታል። ኩርኩሚን አይኬኬን ስለሚያዳክም ማሰሪያው ሳይፈርስ ይቆያል።

ይህ በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ በደንብ ታይቷል። ችግሩ መጠኑ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ሲሆን ኩርኩሚኑ ከመቶ 3 እጅ ገደማ፣ ማለትም 90 ሚሊግራም ነው። እሱንም አንጀትና ጉበት ቶሎ ለውጠው ያስወግዱታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የሕንድ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ለብቻው ሲወሰድ በደም ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነበር፤ 20 ሚሊግራም ፒፐሪን ሲታከልበት ግን 20 እጥፍ ሆነ። ፒፐሪን የቁንዶ በርበሬ ማቃጠያ ነው፤ 20 ሚሊግራሙ ከግማሽ ግራም ባነሰ ዱቄት ውስጥ ይገኛል። አንድ ቁንጥር ማለት ነው!

ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው መድኃኒት የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን በማዳከም ስለሆነ ሌሎች መድኃኒቶችንም በደም ውስጥ ያከማቻል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ክኒኑን ሳይጨምር መጠኑ ከፍ ሊልበትና ሊያዞረው፣ ሲራመድም ሊያንገዳግደው ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ደግሞ ድዱ ሊደማ ይችላል። ኩርኩሚን የሐሞት ከረጢትን ስለሚያኮማትር የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ቢተወው ይሻለዋል።

በአልጫ ላይ የሚገባውን እርድ ማለታችን አይደለም። ለኩርኩሚን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው የዕለት ጣሪያ በኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ መሆኑ ነው። የ500 ሚሊግራም የኩርኩሚን እንክብል ይህን በአንዴ ያልፈዋል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድና እርዱን ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል።

የጤና ዓምዳችሁ ስለ ዕፅዋት ሲጽፍ ከጥቅሙ ጎን መጠኑንና አብረው የማይወሰዱትን መድኃኒቶች እንዲያወጣ አጥብቀን እንጠይቃለን።

በፋርማሲ ሙያ የተሰማሩ አንባቢዎች፣
ጎንደር