ፌስቲቫሉ ሳይጀመር፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጅማ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ቡናው ግን መቅላት ጀምሯል።

የላክሽው የፌስቲቫሉ ፕሮግራም ደርሶናል። ያየሽውን ፊልም ሁሉ ምን እንደተሰማሽ ጽፈሽ ልትልኪልን ማሰብሽን ወደድኩት፣ እዚህ አዳራሻችን የምናሳየውንም ከእሱ እንመርጣለን፤ በአምስት ቀን ሃያ ሁለት ፊልም ማለትሽን ግን አልወደድኩትም። በቀን ሦስት ይበቃል። አራተኛው ራሱ በቅጡ አይታይም፣ ሦስተኛውንም ይዞት ይሄዳል፤ ማታ ልትጽፊ ስትቀመጪ የአንዱ ፊልም ልጅ በሌላው ፊልም ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ታገኚዋለሽ። በቅርቡ ሲኒማ ቤት የሚገባውን ዝለዪው። ዘጋቢ ፊልሞችንና አጫጭሮቹን አስቀድሚ፤ እነሱን ከፌስቲቫል ውጪ ማግኘት ከባድ ነው። በሁለት ፊልም መካከል ቢያንስ 45 ደቂቃ ተዪ፤ አጀማመሩ ይዘገያል፣ ጥያቄና መልሱም ሃያ ደቂቃ ይበላል። ረጅሙን ፊልም ከምሳ በኋላ አታድርጊው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው፤ ጊዜው ከጀርመን ወደ ገጠር፣ ከልጅነት ወደ ጉልምስና ስለሚዘል ለአምስት ደቂቃ ያንጎላጀ ሰው ክሩ ከእጁ ያመልጣል፣ ከዚያም «ቅንብሩ የተዘበራረቀ» ብሎ ይጽፋል። መዝለሉ ግን የባለታሪኩ የተሰበረ ትዝታ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ከስክሪኑ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሄደሽ መሐል ላይ ተቀመጪ፤ የሲኒማ ድምፅ የሚመጠነው እዚያ አካባቢ ለሚቀመጥ ጆሮ ነው። ወለሉ ተዳፋት ካልሆነ ግን ይህን ምክር ተይውና መተላለፊያው ዳር ያዢ። የትርጉም ጽሑፉ የሚወጣው ከግርጌ ስለሆነ ፊትሽ ረጅም ሰው ከተቀመጠ ፊልሙን ትተሽ ማጅራት ስታነቢ ትወጫለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ምስሉ ጨለማ ነው»፣ «ንግግሩ አይሰማም» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዪ። የአዳራሹን ዕዳ ዳይሬክተሩን አታስከፍዪው።

መጀመሪያ ክብ ነገር ፈልጊ፦ የመኪና ጎማ፣ ሰፌድ፣ ከላይ የታየ ሲኒ። ክቡ እንቁላል ከመሰለ ምስሉ ተለጥጧል ወይም ተጨምቋል። የድሮ ፊልም ወርዱ የቁመቱ 1.33 እጥፍ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን 1.78፣ የሲኒማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1.85 ወይም 2.39። ማሽኑን የያዘው ልጅ «ስክሪኑ ይሙላ» ብሎ አንድ ቁልፍ ከነካ ቀጭኗ ሴት ወፍራም ትሆናለች። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር መታየቱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ማንም ምስሉን እንዳልነካካው ምልክት ነው።

ቀጥሎ ጥቁሩን እዪ። መጨረሻ ላይ ነጭ ስሞች ሲወጡ ጥቁሩ አመድ ከመሰለ ከበር ወይም ከመስኮት ብርሃን እየገባ ነው። ጥቁሩ ደህና ሆኖ ነጩ ነጠላ የቆሸሸ ከመሰለ ደግሞ የፕሮጀክተሩ አምፖል አርጅቷል። እንዲህ ባለ አዳራሽ የሌሊት ትዕይንት አይፈረድበትም። ጄሲካ በሽር ስለ ሐረርና ስለ ጫት የሠራችውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን «ፋያ ዳይ» ውሰጂ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጭሱም ጥላውም የቆመው በጥቁሩ ጥልቀት ላይ ነው። ብርሃን በሚያፈስ አዳራሽ ያየው ሰው «ደብዛዛ» ይለዋል፤ ያየው ግን ግማሹን ነው።

ድምፅ ከዚህም ይብሳል። የሲኒማ ድምፅ በአብዛኛው በስድስት መስመር ይመጣል፦ ግራ፣ ቀኝ፣ መሐል፣ ከኋላ ሁለት፣ አንድ ደግሞ ለጎርናናው። ንግግር የሚቀመጠው መሐለኛው ላይ ነው። ፊልሙ ከላፕቶፕ በሁለት ስፒከር ሲለቀቅና ስድስቱ ወደ ሁለት በትክክል ሳይቀላቀሉ ሲቀሩ መሐለኛው ይጠፋል፤ ሙዚቃው ያገሳል፣ ሰዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። ይህን ስትሰሚ «የድምፅ ቀረጻው ደካማ ነው» አትበዪ። ቀረጻው ራሱ ሲደክም ምልክቱ ሌላ ነው፦ ምስሉ ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው በተቀየረ ቁጥር ከጀርባ ያለው ድምፅም አብሮ ይዘላል፤ አንዱ ላይ ነፋስና መኪና፣ ሌላው ላይ ጭር ያለ። የከንፈርና የቃል አለመግጠምም እንዲሁ ይለያል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከዘገየ የአዳራሹ መሣሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜም ብሉቱዝ ስፒከር፤ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የኤዲተሩ።

የትርጉም ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥም፣ በአንድ መስመርም አርባ ፊደል ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የተባለው ሁሉ አይጻፍም፤ መጀመሪያ የሚቆረጡት ተረትና ምርቃት ናቸው። ፊልሙ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ከሆነ ጽሑፉን ተይና ጆሮሽን እመኚ (የሐረር ኦሮምኛ ከጅማው ትንሽ ይለያል፣ አሥር ደቂቃ ታገሺው)። ከአጠገብሽ በእንግሊዝኛ የሚያነበው እንግዳ ያልሳቀበት ቦታ ላይ አንቺ ከሳቅሽ እሱን ጻፊልን። ለእኛ ከሽልማቱ ዝርዝር ይልቅ እሱ ይጠቅመናል።

ማስታወሻሽን በስልክ አትያዢ፤ ብርሃኑ ሦስት ረድፍ ሰው ይረብሻል። ትንሽ ደብተርና እርሳስ በቂ ነው፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ሲያልቅ በጨለማ አይታወቅም። የግራ አውራ ጣትሽን ወረቀቱ ዳር አድርጊ፣ አንድ ነገር ጽፈሽ ጣትሽን ዝቅ አድርጊ፤ አለበለዚያ ቃል በቃል ላይ ይደራረብና ጠዋት የሐኪም ማዘዣ ታነቢያለሽ። ለአንድ ፊልም ከስምንት እስከ አሥር ማስታወሻ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከጻፍሽ እያየሽ አይደለም። «ደስ ይላል» ብለሽ አትጻፊ። «የእናትየው እጅ፣ ሊጥ፣ ዝምታ» ብለሽ ጻፊ። ነገሩን ከያዝሽ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል፤ ስሜቱን ብቻ ከጻፍሽ ግን በሳምንቱ ምን እንደነበረ አታስታውሺም። ስትወጪ ከማንም ጋር ሳታወሪ አሥር መስመር ጨምሪ። በር ላይ «እንዴት አየሽው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ አምስት ደቂቃ ከሰማሽው የእሱ አስተያየት ያንቺ ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ሁለት መስመር ጻፊ፣ የማታውን ግን አትሰርዢ። ማታ የገነነው ጠዋት ባዶ ሲሆን፣ ማታ ያሰለቸሽ ጠዋት አልለቅ ሲልሽ ታያለሽ።

ዝግ ያለ ፊልምና ባዶ ፊልም እንዳይምታቱብሽ። ካሜራው ቆሞ ሲቆይ ዓይንሽ የሚሠራው አለው ወይ? ጥግ ላይ አንድ ነገር ይቀየራል፣ የሰው ፊት ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ከውጭ ድምፅ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ዝግ ያለ ነው። ምንም ካልተቀየረና የሚቀጥለው ምስልም ያንኑ ከደገመ ኤዲተሩ መቁረጥ ፈርቷል። በአጭር ፊልም ይህ ፍርሃት ቶሎ ይታወቃል፤ በ12 ደቂቃ ሥራ ውስጥ ሁለት ደቂቃ መንገድ ላይ መሄድ ብዙ ነው።

ጥያቄና መልስ ላይ «የፊልሙ መልእክት ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም፤ አንቺ ግን እባክሽ አትጠይቂው። መልእክቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል ሰው ፊልም ባልሠራም ነበር። ስንት ቀን እንደተቀረጸ፣ ስንት ሰዓት ተቀርጾ ስንቱ እንደቀረ፣ ዘጋቢ ከሆነም የተቀረጹት ሰዎች ፊልሙን አይተውት እንደሆነ ጠይቂ። ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ያስረዳል፣ ዝምታውም ጭምር። ጭብጨባውን አትመኚው፤ ፊልም ሲመረቅ ግማሹ አዳራሽ የፊልሙ ሠራተኞች ቤተ ዘመድ ነው።

ስትጽፊልን ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሺው፣ መጨረሻውንም አታውጪው። ከዚያ አንድ ትዕይንት መርጠሽ ምን እንደታየና ምን እንደተሰማ በቅደም ተከተል አስፍሪ፤ ፍርድሽ ከዚያ ይከተል። ርዕሱን፣ የዳይሬክተሩን ስም፣ አገሩን፣ ዓመቱን፣ ርዝመቱን፣ ቋንቋውን፣ አዳራሹንና የነበረበትን ጉድለት ከላይ አስቀምጪ።

ጅማ ላይ የምናሳየውን ከጽሑፍሽ ስለምንመርጥ አንድ ነገር አስቢልን። የእኛ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ሹክሹክታ አይሰማም። ንግግሩ ዝግ ያለ ፊልም ለታኅሣሥና ለጥር ይቆይ፤ ምስሉ የሚናገርለትን አሁንም ማሳየት እንችላለን። ስክሪናችን ሦስት ሜትር ወርድ አለው፣ ስለዚህ በጣም ጥቁር ፊልም ከሆነ ምልክት አድርጊበት፤ ከመሸ በኋላ እናሳየዋለን። መብራት ድንገት ሲጠፋ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ቀድሞ ስለሚቆም የጋለው አምፖል ይጎዳል፤ ስትመለሺ ፕሮጀክተሩን ብቻ በባትሪ አሥር ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ የሚባል መሣሪያ ጠይቂ፣ የስንት ዋት እንደሆነ ከሳጥኑ ላይ አንብበሽ። የእኛ ፕሮጀክተር 320 ዋት ይወስዳል፤ ልክ 320 የሚሸከም አትግዢ፣ 500 የሚሸከም ይሁን። ሻጩ «650 ቪኤ» ካለሽ እሱ ዋት አይደለም፤ ዋቱ ከዚያ ያንሳል።

እናትሽ ማር ልካልሻለች፤ ክዳኑ ላልቶ እንዳይሆን ከአውቶቡሱ ስትቀበዪ እዪው።

አባትሽ