እማዬ፣ ዘንድሮም ፋሲካ አለ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ እንዴት ነሽ? ስኳርሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ በጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ገብቼ ነው። ሚሚ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

«ዘንድሮ እኛ ቤት ፋሲካ የለም» ማለትሽን ሰማሁ። ዶሮ እንዳይገዛ፣ ቄጠማ እንዳይጎዘጎዝ ብለሻል አሉ። ይገባኛል እማዬ። አባዬ ያረፈው በሰሞነ ሕማማት ነው፤ ሙት ዓመቱም ከበዓሉ በኋላ ሐሙስ ይውላል፣ ታዲያ ፋሲካ ሲባል አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ቢታይሽ ምን ይገርማል? እኔ ደግሞ ወረቀቴ ስላላለቀ አፈር እንኳ አላለበስኩትም። እዚህ የምንከባከባቸውን አንድ አዛውንት ፊታቸውን ሳጥብ እሱ ትዝ ይለኝና ሆዴ ይላወሳል።

ግን በስልክ ልነግርሽ እየፈለግኩ፣ ለቅሶ እየቀደመን የቀረ ነገር አለ። አንቺን የሚያብሰለስልሽ ያለ ፍትሐት ጸሎት መቀበሩ ነው። በሕማማት ፍትሐት አይደረግም፣ እውነት ነው። ለዚህ እኮ ነው ቤተ ክርስቲያን በሆሣዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድማ ፍትሐት የምታደርሰው። አባዬ ደግሞ ያን ቀን እዚያው ነበር! ዘንባባውን ግንባሩ ላይ አስሮ ከሚሚ ጋር የተነሣውን ፎቶ ያስላክሽልኝ አንቺ ነሽ። የራሱን ፍትሐት በቁሙ ሰምቶ ሄደ እማዬ። ስንቱ ሰው ይህን ያገኛል?

እዚህ ጀርመን የእነሱ ፋሲካ ባለፈው እሁድ አለፈ፣ ሰኞም ሥራ ዝግ ነበር። የእኛ ሲደርስ ግን ተራ ቀን ነው፤ ነገ ስቅለት የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ነው ወደ ስግደቱ የምሮጠው። የምንገለገልበት ሕንፃ ከጀርመኖች የተከራየነው ነው። ግን «ኪርያላይሶን» ተብሎ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ ሁዳዴን ሙሉ ዝም ያለው ከበሮም በትንሣኤ ሌሊት ሲመታ የምን ጀርመን!

ሰሞኑን የማርቆስን ወንጌል መጨረሻ ደጋግሜ ሳነብ ነበር። ሴቶቹ ሽቱ ይዘው በማለዳ ሲሄዱ «ድንጋዩን ከመቃብሩ ደጃፍ ማን ያንከባልልልናል?» ይባባላሉ። መልስ የላቸውም። ድንጋዩ እጅግ ትልቅ ነው፣ የሚያግዛቸውም ሰው የለም፣ ግን ሐዘናቸውን እንደያዙ መንገዱን ቀጠሉ፣ የትንሣኤውን ብሥራትም ከሁሉ ቀድመው የሰሙት እነሱ ናቸው። ጌታ እንባቸው እስኪደርቅ አልጠበቀም። ከተነሣ በኋላም እኮ ለቶማስ ያሳየው የተወጋ ጎኑንና የተቸነከረ እጁን ነው። ስለዚህ ፋሲካን መዋል አባዬን መርሳት አይደለም። ጥቁርሽን እንደለበስሽ ዋዪው።

የጤፉ ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ፣ የእኔ ወረቀት፣ ሁሉም እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እሁድ ጠዋት ስንነሳ ይቃለላል አልልሽም። ግን ሞት ራሱ ከተሸነፈ እነዚህ ምን አቅም አላቸው?

እና እባክሽ ዶሮው ይገዛ፣ ብሩን ልኬያለሁ። በቀዳም ሹር ካህኑ ቄጠማ ይዘው ሲመጡ በሩን ክፈቺላቸው። የአክፍሎቱን ጾም ግን ተዪው፤ መድኃኒት እየወሰድሽ አይሆንም፣ የንስሐ አባትሽንም ጠይቂያቸው። የአባዬን ፈረሰኛ ለጋሽ ተሰማ ስጡልኝ፣ እሳቸውም በዓሉን ብቻቸውን ነው የሚያሳልፉት።

ቅዳሴው እንዳለቀ እደውላለሁ፣ ሚሚ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ትጠብቀኝ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስልሽ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለሽ መልሺልኝ። ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ