አባቴ ገበሬ ነው ብዬ ነበር

ይድረስ ለምወድህ አባየ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከግላስጎው ዝናብ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ይህን የሚያነብልህ ታናሼ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተዬ፣ ቀስ ብለህ አንብብለት፤ ያፈርክበትንም አትዝለል።

አባየ፣ ያን ቀን በስልክ «ፈረንጅም አዝማሪ አለው እንዴ?» ብለህ ጠይቀኸኝ፣ ሳልመልስልህ መስመሩ ተቋረጠ። መልሱ ረዘም ስለሚል ልጻፍልህ።

ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንት እንደምንከባከብ ታውቃለህ። ከእነሱ አንዷ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴትዮ ናት። ስሟን አልነግርህም፣ የሥራው ደንብ ነው። የምትኖረው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቷ ጎማ አለው። ጎረቤቶቿ በሙሉ ዘመዶቿ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሸራ የለበሱ ትልልቅ መኪኖች ቆመዋል፤ ሸራው ሥር ያለው መጫወቻ ነው። የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ፣ እየተጋጩ የሚጫወቱባቸው ትንንሽ መኪኖች፣ ሌላም ሌላም። ብርዱ ሲያልፍ ጭነው ይወጣሉ። አንድ ከተማ ይተክላሉ፣ ሕዝቡ ይጫወታል፣ ነቅለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ለበዓል ሜዳ ላይ የሚተከለውን ዥዋዥዌ አስብና፣ እሱ አድጎ መንደር ሲያክል ማለት ነው።

ሾውመን ይባላሉ። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ የሚተክሉባት ጥግ ሳትቀር ትወረሳለች። ኪርኮዲ በምትባል ከተማ በየዓመቱ በሚያዝያ መንገድ ተዘግቶ የሚቆመው የጨዋታ ገበያ በፈረንጆቹ ከ1304 ጀምሮ አለ ይባላል። «አያቴም እዚያችው ጥግ ነበር የሚቆመው» አለችኝ፤ ልክ አንተ ስለ ጠጅ ቤቱ መደብ እንደምታወራው። ፊልም በተፈለሰፈ ሰሞን፣ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ድንኳን ተክለው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለገጠሩ ሰው ያሳዩት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ልጇ ከውጭ «ማን ነው የመጣው?» አላት። «ፍላቲ ናት» አለችው። ፍላቲ ማለት ከእነሱ ወገን ያልሆነ ሰው ነው። ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። አንተና አጎቴ ሸላሚው ፊት በአዝማሪ ቋንቋ ስትነጋገሩ፣ ሰውየው ብርሌውን ይዞ አንዴ አንተን አንዴ እሱን ያይ የለ? እኔም እንደዚያ ቆሜ ቀረሁ።

በፈረንጆቹ 1889፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ዓመት፣ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው «በጎማ ቤት የሚኖር ሁሉ ይመዝገብ፣ ቁጥጥር ይደረግበት» የሚል ሕግ ለማስወጣት ይታገል ነበር። እነዚህ ሰዎች ተጠራርተው ማኅበር አቆሙና ሕጉን አስቀሩት። ማኅበሩ ዛሬም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 5,000 ፓውንድ አዋጥቶ ስፒትፋየር የሚባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ለመንግሥት ገዝቷል። ይህን ስታወራኝ አያቴ ትዝ አለኝ። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ፣ በ1929፣ ግራዚያኒ ጠንቋዩንም እየዞረ የሚያዜመውንም አጥፉ ብሎ ሲያዝ፣ አያቴ መሰንቆውን ጎተራ ውስጥ ጤፍ ሥር ቀብሮ ወደ አርበኞቹ ወረደ። አንዴ ነው የነገርከኝ። ከዚያ ሰው መጣና ወሬው ተቋረጠ።

አንድ ነን እያልኩህ አይደለም። እነሱ ማሽን አላቸው፣ ግቢ አላቸው፣ ማኅበር አላቸው። አንተ ያለህ አንድ ጭራና ምላስህ ነው። ግን ሰፈሩ እነሱንም ሲያይ በሩን ይቆልፋል። በልጅነቷ ትምህርት ቤት የምትገባው በብርዱ ወራት ብቻ ስለነበረ፣ ማንም አጠገቧ መቀመጥ አይፈልግም ነበር። እንዲህም ሆኖ በመጫወቻቸው ላይ የአባታቸውን ስም ክንድ በሚያህል ፊደል፣ በወርቅ ቀለም ይጽፋሉ። አይደብቁም።

በፈረንጆቹ 2022 ስኮትላንድ ሕዝብ ስትቆጥር፣ ማንነትን በሚጠይቀው ቦታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሾውማን» የሚል ምርጫ ገባ። ልጇ በኮምፒውተር ሲሞላላት እኔ ካልሲ እያለበስኳት ነበር። እዚያ ጥያቄ ላይ ሲደርስ «ቆይ፣ እኔ ልጫነው» አለችው። ጣቷ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ሳተችው። በሦስተኛው አገኘችው።

አባየ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪው የአባት ሥራ እየጠየቀ ሲመዘግብ እኔ «ገበሬ» ብያለሁ። ከኋላዬ አንዱ ልጅ እጁን እንደ ደጋን ወዲያ ወዲህ አመላለሰው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እሱ ነው የሚከነክነኝ። ያን ሌሊት ከሰርግ ስትመለስ፣ ግንባርህ ላይ ሲለጥፉልህ ያመሹትን ብር በኩራዙ ብርሃን አንድ በአንድ ዘርግተህ «ደብተር ግዢበት» ብለህ ሰጠኸኝ። ብሩ በላብህ ርሶ ነበር። ደብተሩን ገዛሁበት። የዋልኩበትን ግን አልነገርኩህም፣ እስከ ዛሬ።

ሼፊልድ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የእነዚህንና የሰርከስ ሰዎችን ታሪክ የሚያስቀምጥበት ቤተ መዛግብት አለው። ፎቶው፣ ማስታወቂያው፣ ደብዳቤው ተሰብስቧል። ሴትዮዋ የአያቷን ፎቶ እዚያ እንዳየች ነግራኝ «የእናንተስ የት ነው?» አለችኝ። የአዝማሪ መንደራችንን ቡርቧክስን በስልኬ ካርታ አሳየኋት። ከዚያ በላይ የምላት አጣሁ።

እና አንድ ነገር ልለምንህ። ሰባት ቤት ቁጠርልኝ። ከማን ተወለድን? ማን ከየት መጣ? ማን የማን ቤት አዝማሪ ነበር? የጎተራዋንም ወሬ ከመጀመሪያዋ ጀምረህ ጨርሳት። ታናሼ በስልኩ ይቅዳህ። የአዝማሪ ቋንቋውንም አስገባበት፤ ሴት ልጅ አታውቀውም ብለህ እንዳታልፈኝ፣ ግማሹን እንደሆን በበር ቀዳዳ ሰምቼዋለሁ።

የመሰንቆው ጭራ ተበጥሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉኝ። ለእሱ የሚሆን ብር ልኬልሃለሁ። ለፋሲካ በግ እንዳታደርገው፤ ለበጉ ሌላ እልካለሁ።

ልጅህ