ፀጉሬ አለቀ ላልሽኝ ልጄ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ፎቶግራፍ አጉልቼ አየሁት። የመሐል መስመርሽ ከቀድሞው ሰፍቷል። አልሰፋም ብልሽ አታምኚኝም፤ ስለዚህ አልልም። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቀሽ አልቅሰሽባቸዋል። አንደኛው የእያንዳንዷ ዘለላ ቅጥነት ነው፤ ይህ አብሮሽ የተወለደ ነው፣ በሽታም አይደለም። ሁለተኛው የዘለላዎቹ ቁጥር መቀነስ ነው። ለመጀመሪያው መቀስና ማበጠሪያ ይበቃሉ፤ ሁለተኛው ሐኪም ይፈልጋል።

መጀመሪያ መቁጠሩን ተዪ። በሰው ራስ ላይ 100,000 ገደማ ዘለላ አለ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የተለመደ ነው። ፀጉርሽን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስትታጠቢ የሰነበተው ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚወርድ እጅሽ ላይ የሚቀረው ያስደነግጣል።

«ምን ልቀባ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ፦ ከሦስት ወር በፊት ምን ሆነሽ ነበር? ማደግ ያቆመ ዘለላ ወዲያው አይወድቅም፤ ሁለት ሦስት ወር ሥሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚረግፈው። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ጥገና፣ ወይም አንቺ እንዳደረግሽው ምግብን በአንድ ጊዜ ቀንሶ መክሳት ዋጋውን የሚያስከፍለው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በእጁ ያለውን ሻምፑ ይወቅሳል። እንዲህ ያለው መርገፍ ምክንያቱ ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ነገር ግን ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ መስታወት ፊት ቆሞ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሌላው ዓይነት የዘር ነው። በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የግንባሩ ዳር ሳይሸሽ መሐሉ እየሰፋ ይሄዳል። ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። (አባትሽ ይህን ከትከሻዬ በላይ እያነበበ ራሱን ይዳብሳል።) የትኛው እንደሆነ የሚለይልሽ የቆዳ ሐኪም ነው። የብረት ክምችትሽንና የታይሮይድ ዕጢሽን በደም ምርመራ እንዲያይልሽ ጠይቂው። ለፀጉር ብለሽ የምትውጪውን ባዮቲን የተባለ የቫይታሚን ክኒን አስቀድመሽ ንገሪው፤ የታይሮይድን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የባዮቲን እጥረት ለሌለበት ሰው ደግሞ ክኒኑ ይህን ያህል የሚጠቅም አይደለም።

ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ካዘዘልሽ አትፍሪው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ በሽተኞቹ ፀጉር ሲያበቅሉ ነው ለራስ ቆዳ የሚቀባው የተሠራው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፤ ቢያንስ አራት ወር ሳይሞላው አትፍረጂበት። ስታቆሚው ያተረፍሽው ይሄዳል። እርግዝና ካሰብሽ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ መልኩ እንምጣ፤ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ርዝመቱን አትሳሺለት። ስስ ፀጉር ጀርባ ላይ ሲወርድ ጫፉ ይመነምናል፤ በአገጭና በትከሻ መካከል እኩል ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ ግን ወፍራም ይመስላል። ቆራጭዋ ደረጃ በደረጃ ላሳጥረው ብትልሽ እምቢ በያት። እንደ እኛ ያለ ለስላሳ ፀጉር ቶሎ ወዝ ስለሚይዝ አዘውትረሽ ታጠቢው፤ ኮንዲሽነሩን ከጫፉ አታሳልፊ፣ ሥሩ ላይ ቅባት አታድርጊ፤ ይተኛል። (ጥቅልል ፀጉር ላላት ጓደኛሽ ይህን አትምከሪ፤ የእርሷ ፀጉር እርጥበት ይወዳል።) ስታደርቂ አንገትሽን ወደ ፊት ደፍተሽ ለብ ያለውን አየር ሥሩ ላይ ልቀቂው። እርጥብ ፀጉር ቶሎ ስለሚበጠስ ሰፋ ባለ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ፍቺው። የምትከፍዪበትን መስመርም ከመሐል ወደ ጎን አዛውሪው። ለአመታት አንድ ቦታ የተኛ ፀጉር አቅጣጫው ሲለወጥ ከሥሩ ይነሣል፤ ያውም ያለ ምንም ወጪ። ለሠርግና ለፎቶ ቀን ደግሞ ከፀጉርሽ ቀለም ጋር የሚመሳሰል የኬራቲን (ፀጉር የተሠራበት ፕሮቲን) ብናኝ መስመሩ ላይ ብትነሰንሺ ሩቅ ያለ ሰው አያውቅብሽም።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ ነው። ፀጉርሽ ስስ መሆኑን እያወቅሽ ከባድ ቅጥያ ማሰር ምን የሚሉት ነው? እስኪያምሽ ድረስ የተጎተተ ሹሩባና ቅጥያ የግንባርሽን ዳር ይነቅለዋል፤ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ዳግመኛ አይበቅልም። የሥራ ባልደረቦችሽ ምንም ቢሉ በዚህ ሳምንት አስፈቺው።

የሐኪም ቀጠሮ ስትይዢ ቀኑን ጻፊልኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።

እናትሽ